ሁሉ በሚደበቅበት ጠረጴዛ፣ ምንም የማይደብቅ ቋንቋ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ስለ ቃላትና ስለ ቃላት ባለቤቶች የምንጨዋወትበት ዝግጅታችን እነሆ ጀምሯል። ዛሬ የምንመለከተው የአንድ ጨዋታ ቋንቋ ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ አጭር ወሬ ላውራችሁና በጥሞና አድምጡኝ።

«ጠመንጃው ሥር ተቀምጬ ነበር። ሁለት ካውቦይ ደረሰኝና ከፍ አደረግሁ። አዝራሩ ላይ ከተቀመጠው ዓሣ በቀር ሁሉም አጠፉ። ፍሎፑ ደረቅ ነበር። ተርኑም ምንም አላመጣም። ያለኝን በሙሉ ገፋሁ፤ ዓሣው አሁንም ተከተለኝ። ካርታችንን ስንገልጥ ለካስ የያዘው ሁለት ዳክዬ ነው! ወንዙ ላይ ሦስተኛዋ ዳክዬ መጣችለት። ከዚያ ወዲያ ቲልት ያዘኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስበላ አደርኩ።»

ምን ተረዳችሁ? ጠመንጃ፣ ካውቦይ፣ ዓሣ፣ ዳክዬ፣ ወንዝ... ላልለመደው ጆሮ የአዳኝ ወሬ ይመስላል። ነገር ግን ጥይትም አልተተኮሰ፣ ዳክዬም አልሞተች። ይህ በላስ ቬጋስ የፖከር ጠረጴዛዎች ዙሪያ የሚሰማ ዓይነት ንግግር ነው፤ ለዛሬው ትምህርታችን ምሳሌ እንዲሆን እኔው በአማርኛ አሰናዳሁት። በመጨረሻ እንደገና እናገኘዋለን፤ ያን ጊዜ አንድም ቃል አያመልጣችሁም።

ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ፖከር የመደበቅ ጨዋታ ነው። ካርታው ይደበቃል፣ ፊቱ ይደበቃል፣ ሐሳቡም ይደበቃል። የተጫዋቾቹ ቋንቋ ግን ምንም አይደብቅም። በይውንም ተበይውንም በስማቸው ይጠራል። አንድን ጨዋታ ከመቀመጫው ሳትደርሱ ማወቅ ከፈለጋችሁ ቃላቱን አድምጡ የምለውም ለዚህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ በመጀመሪያ ጨዋታው ከየት እንደመጣ እንይ።

ፖከር ያደገው በአሜሪካ ደቡብ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ነው። ኒው ኦርሊንስ ከነአካባቢዋ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1803፣ ከፈረንሳይ እጅ ወደ አሜሪካ የተላለፈች ትልቅ የወደብ ከተማ ነበረች። በከተማዋ የሰፈሩት ፈረንሳዮች «ፖክ» የሚሉት የካርታ ጨዋታ ነበራቸው። ጀርመኖችም «ፖኸን» የሚል ግሥ አላቸው፤ ማንኳኳት፣ መፎከር ማለት ነው። ብዙዎቹ የጨዋታ ታሪክ አጥኚዎች የፖከርን ስም ከዚህ የቃላት ቤተሰብ ያመጡታል። እንግዲህ የጨዋታው ስም ገና ከሥሩ ፉከራ አለበት ማለት ነው። የያዘውም ያልያዘውም እኩል የሚፎክርበት ጨዋታ ስለሆነ ስሙ ይገባዋል።

ጨዋታው ከኒው ኦርሊንስ ተነሥቶ በእንፋሎት መርከቦች ወንዙን ሽቅብ ወጣ። መጀመሪያ በ20 ካርታ ይጫወቱት ነበር፤ በኋላ 52ቱም ገቡበት። ዛሬ በዓለም የታወቀው ዓይነት ቴክሳስ ሆልደም ይባላል። የቴክሳስ ምክር ቤት በ2007 ሮብስታውን የምትባለውን ትንሽ ከተማ የዚህ ጨዋታ የትውልድ ቦታ ብሎ እውቅና ሰጥቷታል። ጨዋታው በ1960ዎቹ ላስ ቬጋስ ገባ። በ1970 ደግሞ ቤኒ ቢንየን የተባለ የቁማር ቤት ባለቤት ስመ ጥር ተጫዋቾችን ሰብስቦ የዓለም ፖከር ውድድርን ጀመረ። የመጀመሪያው አሸናፊ ጆኒ ሞስ ነበር፤ የተመረጠውም በተጫዋቾቹ ድምፅ ነው። በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ የሂሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት የ86 ዶላር ማጣሪያ ተጫውቶ ገባና 2.5 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጨዋታውም ቋንቋውም ዓለምን አዳረሰ።

አጨዋወቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው የሚያየው ሁለት ካርታ ይታደለዋል። መካከል ላይ ደግሞ ሁሉም የሚጋሯቸው አምስት ካርታዎች በየተራ ይገለጣሉ። መጀመሪያ ሦስቱ ባንድ ጊዜ ይወጣሉ፤ ይህ ፍሎፕ ነው። አራተኛው ተርን ይባላል። የመጨረሻው፣ አምስተኛው ካርታ ሪቨር ነው፤ ወንዝ ማለት ነው። በእነዚህ መካከል ተጫዋቾች ገንዘብ እያስያዙ ይፈታተናሉ። የተያዘው ገንዘብ ሁሉ የሚከማችበት መሃል ደግሞ ፖት ይባላል፤ እኛ ድስት እንደምንለው ነው። ማሸነፊያው መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ ከሰባቱ ካርታዎች የተሻለ አምስት ማሳየት፣ አለዚያም ሌሎቹን ሁሉ አስፈራርቶ ካርታቸውን ማስጣል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ቃላቱ እንግባ፤ ከወንበሩ እንጀምር።

በፖከር የት እንደተቀመጥክ ምን እንደያዝክ ያህል ያስፈልጋል። አዝራር የሚሉት አንዲት ትንሽ ክብ ምልክት ናት፤ በየዙሩ ከሰው ወደ ሰው ታልፋለች። እሷ ፊቱ ያለች ተጫዋች የሌሎቹን ሥራ አይቶ ከፍሎፕ በኋላ የመጨረሻውን ቃል ይናገራል፤ የተመቸው ወንበር የእሱ ነው። ከእሱ በስተግራ ያሉት ሁለቱ ካርታቸውን ሳያዩ ገንዘብ ማስያዝ ግዴታቸው ነው። ይህ ገንዘብ ብላይንድ ይባላል፤ ዕውር ማለት ነው፤ ሳያዩ የሚከፍሉት ስለሆነ። ከእነዚህ ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው ካርታው እንደታደለ ቀድሞ መናገር አለበት። ማን ምን እንደያዘ አንድም ፍንጭ ሳይኖረው የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ያርፋል። ይህንን ሰው «ጠመንጃው ሥር ነው» ይሉታል። ጭንቀቱን ለመግለጽ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም።

ቀጥሎ ድርጊቶቹ ናቸው። ገንዘብ ሳያስይዙ ተራን ማሳለፍ ቼክ ነው። ሌላው ያስያዘውን ያህል አስይዞ መከተል ኮል ነው። ከዚያ በላይ መጨመር ሬዝ ነው። ካርታን ጥሎ መውጣት ፎልድ ነው፤ ማጠፍ ማለት ነው። ያለን ገንዘብ በሙሉ መግፋት ደግሞ ኦል ኢን ነው። እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ሕግ አለ፤ በተራህ ከአፍህ የወጣው ቃል ያስርሃል። «ሬዝ» ካልክ ጨመርክ፣ «ፎልድ» ካልክ ወጣህ። እጅ ከመንቀሳቀሱ በፊት ቃሉ ይጸናል። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደምንለው ነው፤ መመለሻ የለውም።

ያልያዙትን የያዙ መስሎ ማስያዝ ብለፍ ይባላል። ብዙ ሰው ብለፍን ተራ ማታለል አድርጎ ያየዋል። ሒሳብ ግን ሌላ ይላል። ጆን ፎን ኖይማን የተባለው ታላቅ የሒሳብ ሊቅ ከኢኮኖሚስቱ ኦስካር ሞርገንሽተርን ጋር በ1944 ስለ ጨዋታዎች ንድፈ ሐሳብ ባሳተመው መጽሐፍ ፖከርን መርምሯል። መልካም ካርታ ሲይዝ ብቻ የሚያስይዝ ሰው ባስያዘ ቁጥር ሁሉም ሸሽተው ይወጡበታል፤ ጥሩ ካርታውም ፍሬ አያፈራለትም። ስለዚህ አልፎ አልፎ ባዶ እጅ ሆኖ ማስያዝ የጨዋታው አካል ነው። ብለፍን የሚያጋልጥ ምልክት ደግሞ ቴል ይባላል፤ የሚናገር ነገር ማለት ነው። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የድንገት ዝምታ፣ ገንዘብ ላይ ፈጠን ብሎ የሚያርፍ ዓይን፣ ሁሉም ይናገራሉ።

ማታለል እንዲህ ከተፈቀደ ታዲያ ነውር የሚባል ነገር የለም ማለት ነው? አለ፤ እሱንም የሚነግረን ቋንቋው ነው። አንድ ሰው እንዳሸነፈ እያወቀ፣ ተቃራኒው በተስፋ እንዲጠብቅ ሆን ብሎ ካርታውን ቀስ እያለ ቢገልጥ ድርጊቱ ስሎው ሮል ይባላል። ከፖከር ጠረጴዛ ነውሮች ሁሉ የሚጠላ ነው። ሰውን ማታለል ተፈቅዷል፤ በቁስሉ መጫወት ግን አልተፈቀደም። አንድ ማኅበረሰብ ነውሩን የት ላይ እንዳሰመረ ማወቅ ስትፈልጉ ስም ያወጣለትን ጥፋት እዩ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ የካርታዎቹን ቅጽል ስም እንስማ። ተጫዋቾች ካርታን በቁጥሩ ብቻ አይጠሩትም። ሁለት ኤስ የደረሰው ሰው «የኪስ ሮኬት» ይዟል። ሁለት ንጉሥ «ካውቦዮች» ናቸው፤ ሁለት ንግሥት ደግሞ «እመቤቶች»። ሁለት ጃክ በእንግሊዝኛው ፊደል ቅርጽ የተነሣ «መንጠቆ» ይባላሉ። ሁለት 8 ቁጥር አንዱ ክብ ባንዱ ላይ ስለተደራረበ «የበረዶ ሰዎች» ሆነዋል። ቁጥር 2 አንገቷን ቀና አድርጋ የምትዋኝ ዳክዬ ትመስላለችና ሁለት 2 ቁጥር «ዳክዬዎች» ናቸው። ስሞቹ ዓይን ያየውን ይዘው ተወልደዋል፤ ልጆቻችን ከብቱን በመልኩ ቡሬ፣ ዳለቻ፣ ሻሾ እያሉ እንደሚጠሩት ዓይነት ነው።

ካውቦዮቹ በእጅ መግባታቸው ብርቅ ነው። ከ52 ካርታ ሁለቱን የማደያው መንገድ 1,326 ነው፤ ከእነዚህ ሁለት ንጉሥ የሚወጣበት 6 ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር በአማካይ በ221 እደላ አንድ ጊዜ ነው። የአምስት ካርታ ጥምሮችን ብንቆጥር 2,598,960 ይሆናሉ፤ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሮያል ፍለሽ የሚገኘው በ4 ብቻ ነው።

ታሪክ ያወጣላቸው ስሞችም አሉ። 10 እና 2 ደካማ ጥምር ናቸው። ዶይል ብራንሰን የተባለው የቴክሳስ ሰው ግን የዓለም ውድድሩን በ1976ም በ1977ም ሲያሸንፍ በመጨረሻው ዙር የያዘው 10 እና 2 ነበር። ከዚያ ወዲያ ጥምሩ በስሙ ይጠራል። ሌላው አሳዛኝ ነው። ዋይልድ ቢል ሂኮክ የተባለው ዝነኛ ተኳሽ ነሐሴ 2 ቀን 1876፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ዴድዉድ በምትባል የማዕድን ሰፈር ፖከር ሲጫወት ከኋላው ተተኩሶበት ሞተ። እንደሚነገረው በእጁ ሁለት ጥቁር ኤስና ሁለት ጥቁር 8 ነበሩ። ይህ ጥምር እስከ ዛሬ «የሟቹ እጅ» ይባላል።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ የዛሬው ዝግጅታችን ልብ እዚህ ላይ ነው። የፖከር ቋንቋ ሰውን ምን ብሎ ይጠራል?

ሳያውቅ የሚጫወት፣ ገንዘቡን የሚረጭ ሰው ዓሣ ይባላል። ዓሣውን ፍለጋ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚዞር አዋቂ ሻርክ ነው። ብዙ ገንዘብ ይዞ ብዙ የሚያጣው ዌል ነው፤ ዓሣ ነባሪ። ያለ ነገር የሚደፍረው አህያ ነው። እጅግ ጥሩ ካርታ ካልያዘ የማይነቃነቀው ዐለት ነው። ይዞም ሳይዝም ዝም ብሎ ኮል የሚለው ደግሞ «ኮሊንግ ስቴሽን» ነው። በተጫዋቾች ዘንድ የታወቀ አንድ ምክር አለ፤ በተቀመጥክ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ዓሣው ማን እንደሆነ ካላወቅህ ዓሣው አንተ ነህ ይላል።

ልብ በሉ፤ ይህ የባሕር ውስጥ ሕይወት ነው፤ አንዱ አንዱን ይበላል። አማርኛችንስ ምን ይላል? ቁማር ያሸነፈ ሰው «በላ» እንላለን፤ የተሸነፈው «ተበላ» ነው። በአማርኛ ቁማር ራሱ ይበላል። ሚሲሲፒ ወንዝና የእኛ መንደር በውቅያኖስ ተለያይተው ሳለ ሁለቱም ቋንቋዎች አንድ ምስል ላይ ደረሱ። ይህ ከአጋጣሚ በላይ ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ አዲስ ገንዘብ አይፈጠርም፤ አንዱ የሚያነሣው ሌላው ያስቀመጠውን ነው። ሁለቱም ሕዝብ ይህንን በዓይኑ አይቶ ቃሉን አወጣ።

ሌላም ጥንድ ቃል አለ። ከላይ በወሬያችን ውስጥ ቲልት የሚል ሰምታችኋል። ቃሉ የመጣው ከፒንቦል ማሽን ነው። ተጫዋቹ ተናድዶ ማሽኑን ካዘነበለው ማሽኑ «ቲልት» የሚል መብራት ያበራና ጨዋታውን ይቆልፍበታል። የፖከር ሰዎች ይህንን ለሰው አዋሱት፤ በንዴት አእምሮው የተቆለፈ ተጫዋች ቲልት ይዞታል ይላሉ። በአማርኛ የሚቀርበው ቃል እልህ ነው። የተበላውን ለማስመለስ የሚጫወት፣ ባጣ ቁጥር የሚጨምር፣ «ይቺን ብቻ» እያለ የሚያነጋ ሰው እልህ ይዞታል። እልህ በእርሻና በትምህርት ሰውን ያቆማል፤ እናመሰግነዋለን። በቁማር ጠረጴዛ ግን ያው እልህ ቤት ያፈርሳል። ለዚህ ስም ማውጣታቸው የፖከር ተጫዋቾች ትልቅ ጥበብ ነው ብዬ አምናለሁ። ስም የተሰጠውን ስሜት ማየት ይቻላልና፤ «ቲልት ይዞኛል» ማለት የቻለ ተጫዋች ተነሥቶ መሄድም ይችላል።

ባድ ቢት የሚሉትም እንዲሁ ያስተምራል። በግልጽ እየመራህ፣ ተቃራኒህ በጣም ጠባብ ዕድል ብቻ ቀርቶት ሳለ ብትሸነፍ ባድ ቢት ደረሰብህ ይባላል። ሁለታችሁም እጅግ ጠንካራ ካርታ ይዛችሁ የአንተ በጥቂቱ ቢያንስ ደግሞ ኩለር ነው። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ማጣትህ ማጥፋትህን አያሳይም። ውጤትንና ውሳኔን ለይቶ መመዘን ከጠረጴዛውም ውጭ፣ በንግድም በእርሻም ለሚወስን ሰው ይጠቅማል።

(አጭር ሙዚቃ)

እነዚህ ቃላት ከጠረጴዛው ተነሥተው ወደ ዓለም ሄደዋል። ፕሬዝዳንት ሃሪ ትሩማን ፖከር ይወዱ ነበር። ጽሕፈት ጠረጴዛቸው ላይ የነበረችው ታዋቂ ሰሌዳ ኃላፊነት ከዚህ አያልፍም የምትል መልእክት ነበራት። በእንግሊዝኛው የተጻፈው ቃል «በክ» ነው፤ ካርታ አዳዩን ለመለየት በየተራ የሚተላለፈው ምልክት ስም፣ ማለትም የዛሬዋ አዝራር ናት። ማደል የማይፈልግ ሰው በክን ለጎረቤቱ ያሳልፍ ነበርና ነገሩ ኃላፊነትን መሸሽ ማለት ሆነ። በአክሲዮን ገበያ የታመኑ ታላላቅ ኩባንያዎች «ብሉ ቺፕ» የሚባሉትም በፖከር ሰማያዊው ገንዘብ ተኪ ትልቁ ዋጋ ስለነበረው ነው። እኛም ብንሆን «የፖለቲካ ቁማር» እንላለን፤ «የመጨረሻ ካርዱን መዘዘ» እንላለን። ዜና ስትሰሙ እነዚህን ቃላት ልብ በሏቸው፤ ተናጋሪው ሳያውቀው የአገሩን ጉዳይ እንደ ጠረጴዛ እያየው ሊሆን ይችላል።

አንድ ቃል ቀርቶኛል፤ እሱም ሬክ ነው። ሬክ ቅጠል የሚሰበሰብበት ባለ ጥርስ መሣሪያ ነው። በቁማር ቤት ግን ቤቱ ከየፖቱ የሚወስደው ድርሻ ማለት ነው። ሻርኩ ቢበላ፣ ዓሣው ቢበላ፣ ቤቱ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት ይሰበስባል። ስለዚህ የተጫዋቾቹ ሁሉ ገንዘብ ቢደመር ሲገቡ ከነበረው ሲወጡ ያለው ያንሳል።

አሁን የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ወሬያችንን ከፍቺው ጋር አድምጡት።

«ጠመንጃው ሥር ተቀምጬ ነበር»፤ ቀድሞ የመናገር ግዴታ ነበረብኝ። «ሁለት ካውቦይ ደረሰኝና ከፍ አደረግሁ»፤ ሁለት ንጉሥ ይዤ ሬዝ አልኩ። «አዝራሩ ላይ ከተቀመጠው ዓሣ በቀር ሁሉም አጠፉ»፤ በተመቸ ወንበር የተቀመጠ አንድ ጀማሪ ብቻ ቀረ። «ፍሎፑ ደረቅ ነበር»፤ ሦስቱ ካርታዎች እርስ በርስ የማይያያዙ፣ ማንንም የማይረዱ ነበሩ። «ያለኝን በሙሉ ገፋሁ»፤ ኦል ኢን ገባሁ። «የያዘው ሁለት ዳክዬ ነው»፤ ሁለት 2 ቁጥር። «ወንዙ ላይ ሦስተኛዋ ዳክዬ መጣችለት»፤ ካልታዩት 44 ካርታዎች የሚያድኑት 2 ብቻ ነበሩ፤ ከ22 አንድ ዕድል፤ በአምስተኛው ካርታ አንዷ መጣች፤ ባድ ቢት። «ከዚያ ወዲያ ቲልት ያዘኝ»፤ እልህ። «ሌሊቱን ሙሉ ስበላ አደርኩ።»

እዚህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ቆም በሉ። ሰውየውን የበላችው ዳክዬዋ አይደለችም። ዳክዬዋ የበላችው አንድ ዙር ነው፤ ሌሊቱን የበላው እልሁ ነው። ወሬውን ሲጀምር ሌላውን ዓሣ ያለው ሰው ሲጨርስ ዓሣው ራሱ ሆኖ ተገኘ።

ወጣት አድማጮቼ፣ ዛሬ ቁማር ጠረጴዛም አያስፈልገው፤ በእጃችሁ ስልክ ውስጥ፣ በስፖርት ውርርድ መልክም ደጃፋችሁ ድረስ መጥቷል። አቅራቢዎቹ የሚያሳዩአችሁ የበሉትን ነው። እናንተ ግን ቃላቱን ጠይቁ፤ ዓሣው ማነው? ሬኩን የሚሰበስበው ማነው? እኔን አሁን የያዘኝ ፍላጎት ነው ወይስ እልህ? መልሱን ሳታገኙ ገንዘባችሁን አታስይዙ። የአያቶቻችን አማርኛ «ተበላ» ሲል አስጠንቅቆናል።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)